ዲያቆኑ በደረቱ ሲሳብ

መብራቱ ድርግም አለ። ግድግዳው ላይ ገና አፍንጫዋን ያወጣችው የባሕር አንበሳ አብራ ጠፋች፤ ምሕረትአብም የፕሮጀክተሩን ገመድ እንደጨበጠ ቀረ። ጉድ ፈላ! ሕፃናቱ ቅዳሜን ሲጠብቁ የሰነበቱት ለዚች ሥዕል ነበር። ገና ዘጠነኛ ክፍል እየተማረ እኔ አስተምራቸዋለሁ ያለው ደግሞ እሱ ራሱ ነው፤ ማን አስገደደው?

በዚያ ላይ ውጭ በረዶ ይወርዳል። ከበረዶው የሸሹት የኔታ ይሻው ከሰው ቤት ሁሉ መርጠው እዚሁ የሕፃናት ንባብ ቤት ገብተው፣ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ መቋሚያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ነገ በደብሩ ክብረ በዓል የሚቀድሱትን ዲያቆናት የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ምሕረትአብ ዲቁና ከተቀበለ ወዲህ እንደዚህ የጓጓለት ነገር የለም። የኔታ ደግሞ የዲያቆን ቀልድ አይወዱም፤ በቀደም ኳስ ሲራገጥ ያገኙትን አንዱን ልክ ልኩን ነግረውታል።

ስለዚህ ነጠላውን አስተካክሎ በቃል ማስረዳት ጀመረ። የባሕር አንበሳ ትንንሽ ጆሮዎች አሏት፤ መቅዘፊያ በመሰሉ አራት እግሮቿ ትራመዳለች። ‹ሲል› የሚባለው ዘመዷ ግን ጆሮው ከውጭ አይታይም፤ የብስ ላይ የሚሄደው በሆዱ እየተሳበ ነው። ዋልረስ የሚባለው ትልቁ ደግሞ ሁለት ረጃጅም ጥርሶች አሉት። ሕፃናቱ ማዛጋት ጀመሩ። አንዱ ጉና ተራራ ላይም ይኖሩ እንደሆነ ጠየቀ። የስድስት ዓመቷ ፈንታነሽ ብቻ ዐይኗን አልነቀለችም።

«በሆዱ እንዴት? አሳየና!» አለችው።

ምሕረትአብ ወደ በሩ ሰረቅ አድርጎ አየ። የኔታ ትክ ብለው ያዩታል። ሌላ ቀን፣ መብራት ሲመጣ ሊላት አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ሐሳቡን ቀየረ። ነጠላውን አጣጥፎ ወንበር ላይ አኖረ። መዳፎቹን ወደ ውጭ ዘርግቶ በአራት እግሩ እየተወዛወዘ ሄደ፤ ይቺ የባሕር አንበሳ ናት። ቀጥሎ በደረቱ ተኛና እጆቹን ከጎኑ አጣብቆ የንባብ ቤቱን ወለል እየተሳበ ጠረገው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሁሉም ተከትለውት ወለሉ ላይ ተዘረሩ።

ቀና ሲል አፍንጫው ሥር የመቋሚያ ጫፍ አየ። በቃ፣ የነገው ነገር አበቃለት።

«ይቅር በሉኝ፣ የኔታ» አለ እንደተኛ።

«ምኑን?» አሉ የኔታ። «እኔ ታላላቅና ታናናሽ የባሕር እንስሳት እያልሁ ዳዊት ስደግም አረጀሁ። አካሄዳቸውን ገና ዛሬ አየሁ።» በመቋሚያቸው ወደ ደረቱ ጠቆሙ። «ነገ በሌሊት ና፤ ትቀድሳለህ። ያን አቧራ ግን አራግፈው።»

እፎይ! ከደስታው ብዛት ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ውጭ በረዶው አባርቷል፤ የኔታ ግን ወደ አግዳሚው ተመልሰው ተቀመጡ እንጂ አልወጡም።

«ያ ባለ ጥርሱስ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ምሕረትአብ እጁን ወደ ነጠላው ሰደደ። ከዚያ ተወውና ከሰሌዳው ሥር ሁለት ጠመኔ አነሣ። ላይኛው ከንፈሩ ሥር ሰካቸውና ተመልሶ ወለሉ ላይ ተኛ።