እታለም በአፏ የምትሞላት ኖታ

«አሁንም ዘለልሻት!»

የሙዚቃ መምህሯ እርሳሷን በኖታው ወረቀት ላይ አሳረፈች። ጭራሮ እጆቿን ከፒያኖው አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። መዝገብ ላይ ያለው ስሟ ሌላ ነው፤ ጣቶቿ ቀጫጭን ስለሆኑ አባቷ በሕፃንነቷ ያወጣላት ቅጽል ግን እስከ ክፍል ድረስ ተከትሏት መጥቶ፣ አሥራ አምስት ዓመት ከሞላት በኋላም አልለቅ ብሏታል።

«ዜማው ወጥቶ ወጥቶ ጫፍ ሲደርስ ጭጭ ትያለሽ። ትልቋን ኖታ የት አደረግሻት?»

«እንጃ ቲቸር። እዚያ ጋ ስደርስ እጄ ባዶ ይሆንብኛል።»

ውሸቷን ነው። አሳምራ ታውቃለች።

የምትጫወተው ዝነኛ ኤቱድ ነው፤ ለጣት ልምምድ ተብሎ ከብዙ ዘመን በፊት የተደረሰ። ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ ዝግ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ ዜማ ነው። ጉዱ ያለው እጅ ላይ ነው። ዜማውን የሚሸከሙት የቀኝ እጅ ደካሞች፣ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ናቸው። ጉልበተኞቹ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ደግሞ በዚያው እጅ፣ በዚያው ቅጽበት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያጅባሉ። ደካማው እየዘፈነ ጉልበተኛው እንዲያንሾካሹክ ማድረግ ቀልድ አይደለም።

«አትምቻት» አለች መምህሯ፣ የጭራሮን ትንሽ ጣት ቁልፉ ላይ እያስቀመጠች። «የክንድሽን ክብደት ጣይባትና ያዣት። ሌሎቹ ጣቶች ቢሄዱም እሷ ትጠብቅ። ሰኞ በመግቢያ ፈተናው የፈታኞቹ ጆሮ እዚህችው ኖታ ላይ ነው። ከዘለልሻት የሙዚቃ ትምህርት ቤቱን ለዘንድሮ እርሺው።»

ጭራሮ ወደ ቤት ስትሄድ መንገዱን ሙሉ ትንሿን ጣቷን ጨብጣ ነበር።

ቤታቸው ያለው አሮጌ ፒያኖ አንድ ቁልፉ፣ የዚያችው የትልቋ ኖታ ቁልፍ፣ ድምፅ የለውም። ውስጥ ያለችው ጨርቅ የለበሰች የእንጨት መዶሻ አንገቷ ከተቀነጠሰ ሦስት ዓመቷ ነው። ታላቅ እህቷ እታለም ግን በአንድ ቁልፍ ምክንያት ዜማ የምታቋርጥ ሰው አልነበረችም። እዚያ ቦታ ስትደርስ በአፏ «እምም» ትልና ታልፋለች። ጭራሮም ኤቱዱን የተማረችው ከአጠገቧ ተቀምጣ እጇን እያየች ነው። እታለም ለሥራ ሩቅ ከተማ ከሄደች እነሆ ሁለት ዓመት ሆናት። አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። በየእሁዱ ትደውላለች፤ ወሬው ግን እያጠረ መጥቷል። ጭራሮ እስከ ዛሬ ያችን ቦታ ክፍት ትታ የምትጠብቀው እህቷን ነው። ናፍቃታለች፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

አባቷ አናጺ ነው። ሥራ ቤቱ ስትገባ የወንበር እግር እየላገ አገኘችው።

«አባዬ፣ የፒያኖዋን ቁልፍ ሥራልኝ።»

መላጊያውን አስቀመጠ። የብሎን ጣሳውን አውርዶ ሲፈትሽ ቆየና፣ ለተሰበረችው መዶሻ አንገት የምትሆን፣ በደንብ የተላገች የጣት ያህል ዘንግ አወጣ።

«መቼ ሠራሃት?»

«በተሰበረች ሳምንት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«እህትሽ በአፏ ስትሞላት ደስ ይለኝ ነበራ! ዛሬ ነገ ስል ሄደች። ከሄደች በኋላ ደግሞ...» ዘንጓን በጣቶቹ መካከል አሽከረከራት። «እጄ እምቢ አለኝ፣ ጭራሮዬ።»

የሰፈሩን በርና መስኮት ሁሉ ሲጠግን የሚውል ሰው፣ የራሱን ቤት ቁልፍ ሦስት ዓመት እንደዚሁ ትቷታል። ቅዳሜ ከሰዓት ዘንጓን መዶሻዋ ላይ በሙጫ አጣበቀላት። «እስከ ነገ እንዳትነኪያት» አላት። አልነካቻትም።

እሁድ ስልኩ ሲጮህ ሙጫው ደርቆ ነበር።

«እማማ ተኝተዋል፣ ቀስ ብዬ ነው የማወራው» አለች እታለም፣ የምታስታምማቸውን አሮጊት ላለመቀስቀስ። «ነገ ፈተና ነው አይደል? እስቲ አንዴ ተጫወችልኝ። እዚህ ፒያኖ የሚባል ነገር ካየሁ ስንት ጊዜዬ!»

ጭራሮ ስልኩን ፒያኖው ላይ አቁማ ጀመረች። አባቷ በሩ ጋ ቆሟል። ዜማው ደረጃ በደረጃ ወጣ። አውራ ጣቷን ዝቅ አደረገች፣ ደካሞቹን አዘፈነች። ጫፉ ሲቃረብ እጇ እንደለመደው ቀለል ማለት ጀመረ። ቦታው የእታለም ነው። ብትተውላት ማን ይቀየማታል?

ትንሿን ጣቷን አሳረፈችና የክንዷን ክብደት ጣለችባት።

ቁልፏ ጮኸች። ጥርት ያለች፣ ለቤቱ እንግዳ የሆነች ድምፅ ነበረች። ቀጥሎ የሌሎቹ ጣቶች ተራ ነበር፤ ጭራሮ ግን አላንቀሳቀሰቻቸውም። ስልኩ ሁልጊዜ ድምፅ እንደሚያዘገይ ታውቃለች። ቁልፏን ይዛ ጠበቀች።

«እምም» አለ ስልኩ፣ ዘግይቶ።

ኖታዋ ገና አልጠፋችም ነበር። የእህቷ ድምፅ መጥቶ በላይዋ አረፈ። አባቷ ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ። ጭራሮ ነገም ፈታኞቹ ፊት ይህንኑ ያህል ልትይዛት በልቧ ቆረጠች፤ የፈለጉትን ይበሉ።

«እንዴ!» አለች እታለም። «ተሠራች?»

«አዎ» አለች ጭራሮ፣ ጣቷን ሳታነሳ።