ዋስ የጠየቀው በር

በሐዋሳ ሰማይ ላይ የተተከሉት የሚዞሩ ቤቶች ፊታቸውን ወደ ጠዋቷ ፀሐይ አዙረዋል። ፈትለወርቅ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ቤት ሊያዩ የመጡ ሰባት ሰዎችን መልሳለች። በእርግጥ የሚመልሰው በሩ ነው። መዛኝ ይባላል፤ የገዢን አቅም ከመዳፉ ያነባል። መግዛት ለማይችል አይከፈትም።

ፈትለወርቅ የቤት ደላላ ከሆነች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ይህን ሕግ ትደግፈዋለች። እናቷ በአንድ ወቅት አንድ ቤት አይተው መጋረጃ እስከ መምረጥ ደርሰው ነበር። ባንኩ እምቢ ሲላቸው ስንት ወር አለቀሱ! ሳያዩ መመለስ ይሻላል ብላ ታምናለች።

ስምንተኛ ሆነው የመጡት አቶ ዳንጊሶ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ፣ ሚስታቸውን ወይዘሮ በላይነሽን ደግፈው ነበር።

«ልጄ፣ ለመግዛት አይደለም» አሉ በቀስታ። «የበላይነሽ ዓይን እየደከመ ነው። ሐኪሙ ከክረምት አያልፍም ብሏል። እኛ ሰፈር ሐይቁ በሕንፃ ከተጋረደ ሠላሳ ዓመቱ። አንዴ ትየው ብዬ ነው።»

«ቁርሴን እንኳ አላስጨረሰኝም» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ።

«አባባ፣ በእኔ እጅ አይደለም። እስቲ መዳፍዎን የበሩ መስታወት ላይ ያሳርፉ።»

አቶ ዳንጊሶ መዳፋቸውን አሳረፉ። ትናንት የወደቀው መብረቅ የበሩን አእምሮ ሳይነካው አልቀረም። «አቅም የለም» በማለት ፈንታ፣ «ዋስ አለዎት?» አላቸው።

ፈትለወርቅ ደነገጠች። በሩ ጠይቆ አያውቅም።

«ዋስማ ድሮ ቀረ!» ሳቁ አቶ ዳንጊሶ። «እኔ ሥራ ስቀጠር ጎረቤቴ ነበር የፈረመልኝ። ዛሬ ማን ማንን ያውቃል?»

ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ቢበላሽ ዋሱ ይጠየቃል። እሷ ዋስ ብትሆን የደላላነት ፈቃዷንም ልትነጠቅ ትችላለች። ቀና ስትል ወይዘሮ በላይነሽ መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ደጋግመው እየጠረጉ ነበር፤ በሩ የተከፈተላቸው ይመስል።

ፈትለወርቅ መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች።

«አቅምሽ ቤቱን ለመግዛት አይበቃም» አለ በሩ። «ለዋስነት ይበቃል።»

ተከፈተ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሸጠቻቸው ቤቶች ለእሷም እንደማይከፈቱ ያን ጊዜ ገባት። ቤቱን ከፀሐይዋ መልሳ ወደ ሐይቁ አዞረችው።

ወይዘሮ በላይነሽ በመስኮቱ ፊት ብዙ ቆዩ።

«ጀልባ አለ» አሉ በመጨረሻ። «ቢጫ።»

«ሁለት ናቸው» አሉ አቶ ዳንጊሶ።

«አንዱ ይበቃኛል።»

ከሰዓት በኋላ የበሩ ጠጋኝ መጣ። «ዋስ መጠየቅ የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ትእዛዝ ነው» አላት። «ደብቀነው እንጂ አላጠፋነውም ነበር፤ መብረቁ ቀሰቀሰው። ላጥፋው?»

«ለሽያጭ ይመዝን» አለች ፈትለወርቅ። «ለማየት ብቻ የመጣውን ግን ዋስ ይጠይቀው።»

«ዋስ የሌለውስ?»

የበሩ መስታወት ላይ የመዳፏ ዐሻራ ገና አልጠፋም።

«እኔ አለሁ» አለች።