የወንድይራድ ሙጫ

ምንያህል ማንኛውንም ሥራ የሚጀምረው ጠረጴዛውን በመጥረግ ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ከጓሮ ባለችው የላሜራ ክፍሉ ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈ፤ ምላጩን፣ ወረንጦውንና ትንሹን ሞረድ ጎን ለጎን ደረደረ፤ የበሩ መቀርቀሪያ ከውጭ በራሱ የሚወድቅ ስለሆነ እንዳይዘጋበት በሩን በብሎኬት አስደግፎ ተቀመጠ። ሚስቱ ትርሲት ያንን መቀርቀሪያ እንዲጠግነው መወትወት ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። እሱ ግን ሠላሳ ዓመት አውሮፕላን የጠገነ እጅ ለመቀርቀሪያ እንደማይቸኩል ነግሯታል።

ከፊቱ የወንድይራድ አውሮፕላን ተቀምጣለች። በካርቶን ተበታትና የምትሸጥ፣ ገዢው ራሱ በሙጫ የሚገጣጥማት፣ ክንድ የምታህል የፕላስቲክ ሞዴል ናት፤ እሱና ሟቹ ወንድይራድ በወጣትነታቸው አብረው ይጠግኑት የነበረውን የአንበጣ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን ትመስላለች። ትመስላለች ከተባለ ነው። ክንፎቿ ተንጋደዋል፣ ጭራዋ ዞሯል፣ በመጋጠሚያዎቿ ሁሉ ላይ ሙጫው እንደ ቀለጠ ሻማ ወርዶ፣ በላዩ ሌላ ሙጫ፣ በዚያም ላይ ሌላ ተደርቦበት ቢጫ ሆኖ ደርቋል። አንድ ጠብታ በሚበቃበት ቦታ አንድ ቱቦ የሚያፈስስ ሰው፣ አለ ምንያህል በሆዱ፣ መቼም ቢሆን ሠራተኛ አልነበረም።

አውሮፕላኗን ትናንት ያመጣችው የወንድይራድ ባለቤት አልጋነሽ ናት።

«ጋሼ ምንያህል፣ አርባው ከነገ ወዲያ ነው» አለችው ነጠላዋን እያስተካከለች። «ከፎቶው አጠገብ ላስቀምጣት አስቤ ነበር። እንዲህ ሆና ግን ሰው ይስቅበታል።»

«መሳቅማ ይስቃል።»

«ያኔ አብረዋችሁ የነበሩት ሁሉ ይመጣሉ። እርስዎ ስለ እሱ አንድ ቃል ቢናገሩለት… ስሙ እንደ ጠፋ ነው የተቀበረው።»

«አውሮፕላኗን አፍርሼ እንደገና እሠራልሻለሁ» አላት። «ስሙን ግን ያጠፋው ራሱ ነው፤ እሱን እኔ አልጠግነውም።»

አልጋነሽ አልተቆጣችም። ደጃፉ ላይ ደርሳ ግን ዞር አለች። «'እንዳትከፍቷት' ይል ነበር። ዘወትር ተነሥቶ ሙጫ ይጨምርባታል። 'አሁንም ይሰማኛል' ይላል።»

«ምኑ?»

«እኔ ምኑን አውቄ!»

ምንያህል ከሄደች በኋላ ሳቀ። ለአርባው ያሰበውም ነበረው፦ ጥርት አድርጎ የሠራትን አውሮፕላን ከፎቶው አጠገብ ያስቀምጥና፣ የተፋቀውን ሙጫ ደግሞ በብልቃጥ ከጎኗ ያኖረዋል። ንግግር አያስፈልግም። የገባው ይገባዋል።

ደረቅ ሙጫ በብርድ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ስለዚህ በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ፣ በረዶ ቤቱ ላይ አሳደራት።

«ከሥጋዬ መሃል የሟች ዕቃ!» አለች ትርሲት።

«ፕላስቲክ አይበላሽም፣ አትፍሪ።»

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ፍሪጁ እየተንኳኳ ነው አለችው። ሞተሩ ነው አላት። ሞተሩ ግን በዚያ ሰዓት፣ መብራት ስለሌለ፣ እየሠራ አልነበረም።

አሁን ላስቲኩን ሲገልጥ አውሮፕላኗ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አመዳይ ለብሳለች። የአብራሪው መስታወት ብቻ አመዳይ የለውም፤ ላብ ነው የሸፈነው። በአውራ ጣቱ ጠረገው፤ አልጠራም። ላቡ ከውስጥ ነበር። ርጥበት አሽጎባት ነዋ፣ አለ፤ ያ ሰነፍ ሳያደርቃት ዘግቷት ነው። ምላጩን ከሆዷ ስፌት ላይ አሳረፈ።

«አልጋነሽ ዘንድ ሄድኩ!» ብላ ጮኸች ትርሲት ከግቢው በር። «የነጭ ሽንኩርቱን ነገር ለኔ ጥለውብኛል!»

«ሂጂ፣ ሂጂ!»

የግቢው በር ተዘጋ፤ ሰፈሩ ጸጥ አለ፤ ጣሪያው በፀሐይ እየተለጠጠ ጠቅ ጠቅ ከሚለው በቀር፣ ሙጫው በምላጩ ሥር እየተፈረፈረ ጨርቁ ላይ ከሚረግፈው ደቃቅ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። ምንያህል ደስ አለው። እያንዳንዷን ፍርፋሪ እየሰደበ ወደ ጎን ጠረጋት። አንገቱን ደፍቶ እንዲህ ሲፍቅ፣ ከጣቱ ሥር፣ ከውስጥ፣ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

እሱም ቀና ሳይል በጣቱ ጫፍ ሁለት ጊዜ መታ አደረገ።

ከዚያ በኋላ ነው እጁ ያደረገውን ያወቀው። በአውሮፕላን ሜዳው ሥርዓት ነበር፦ አብራሪው ከመነሣቱ በፊት ከውስጥ መስታወቱን ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፣ «ተዘግቷል ወይ?» ማለቱ ነው፤ የመጀመሪያው ጠጋኝ የዘጋውን ሁሉ ሁለተኛው ፈራሚ በዓይኑ አይቶ ከውጭ ሁለት ጊዜ ይመታል፣ «አይቻለሁ» ሲል። ሁለተኛው ፈራሚ ሁልጊዜ ምንያህል ነበር።

«የድሮ ልማድ» አለ ጮክ ብሎ። ድምፁ ክፍሏን አልሞላትም።

ያን ቀንም ከአውሮፕላኑ ውስጥ የነበረው ልጅ እግር አብራሪ፣ ካፒቴን አምደሚካኤል፣ ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ወንድይራድ ከመሰላሉ ወርዶ፣ «ከወንበሩ ኋላ የመድኃኒቱ ጋን ክዳን አንድ ብሎኑ አልጠበቀልኝም፤ ሳትመታ እየው» ብሎት ነበር። ምንያህል ሻይ ይዟል። ሻዩ ትኩስ ነበር። ፉት አለና በሌላው እጁ ሁለት ጊዜ መታ። ክዳኑ አየር ላይ ተከፈተ፤ ልጁ በተዘጋው መስታወት ሥር በመድኃኒቱ ታፍኖ ሞተ። ለመርማሪዎቹም በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ጠብቆ ነበር፣ ከኔ በኋላ የነካካው ወንድይራድ ነው አለ። ይህን ብዙ ጊዜ ከመናገሩ የተነሣ ያየው ይመስለው ጀምሮ ነበር። ወንድይራድ ከሥራ ተባረረ፤ ብሎን ማጥበቅ ያቃተው እየተባለ አረጀ።

ከውስጥ መንኳኳቱ ቆሟል። መልስ አግኝቷልና።

ምላጩን ገፋው። ስፌቱ ጣ! ብሎ ከዳር እስከ ዳር ተከፈተ፤ የነጭ ሽንኩርት ሽታም ወጣ። ትርሲት፣ ብሎ አሰበ፤ ትርሲት ግን ከሄደች ቆይታለች፤ ደግሞም ይህ ከሥሩ የሚያቃጥል፣ ምላስ ላይ እንደ ሳንቲም የሚቀር የመድኃኒቱ ሽታ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ሁለቱን ግማሾች ለየብቻ ጨርቁ ላይ አጋደማቸው። የአብራሪው ወንበር ባዶ ነው። ከኋላው ምስር የምታህል የጋን ክዳን አለች፤ ጥርት ባለች አንዲት ጠብታ ተገጥማለች፤ በመላዋ አውሮፕላን ውስጥ እንከን የሌለባት እሷ ብቻ ናት። መስታወቱን ወደ ብርሃን አነሣው። ከውስጥ በኩል፣ በመርፌ ጫፍ የተሠራ በሚመስል ቅጥነት፣ ከላይ ወደ ታች ተቧጭሯል፤ ጭረቶቹም አምስት አምስት ሆነው ነው የሚወርዱት።

የሙጫው ብዛት ያኔ ገባው። ወንድይራድ ሊያሳምራት አልነበረም የሚጨምርባት። ድምፁን ሊያፍን ነበር።

የሙጫውን ቱቦ አነሣና፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይለካ፣ በመጋጠሚያዎቹ ላይ አፈሰሰው፤ ጣቶቹ ላይ፣ ጨርቁ ላይ ፈሰሰ፤ ሁለቱን ግማሾች አንጋዶ ገጠማቸውና በመዳፎቹ ጨመቃቸው። ጠረጴዛው ላይ ያለችው የወንድይራድ እጅ የሠራት የምትመስል አስቀያሚ ነገር ነበረች። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ነው ያገኘው፤ የዘጋውም ባዶ ቤት ነው።

በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ከውጭ ሲወድቅ ሰማ። ብሎኬቱን ማን እንዳነሣው አላየም። በላሜራው ጠርዝ ሁልጊዜ ይገባ የነበረው የብርሃን መስመርም፣ ከላይ እስከ ታች የሆነ ነገር የፈሰሰበት ይመስል፣ የለም። ሽታው ወፈረ። ዓይኑ አነባ፤ ደረቱ ጠበበ።

«ትርሲት!» ብሎ ሊጮህ ሞከረ፤ ሳል ቀደመው። እየተደናበረ ሄዶ ሙጫ በተለደፈበት እጁ በሩን አንኳኳ። ስንት ጊዜ እንዳንኳኳ ያወቀው ካቆመ በኋላ ነው።

ኮቴ መጣና ቆመ። ከውጭ አንድ ሰው ትኩስ ሻይ ፉት ሲል ተሰማው፤ ከዚያም በሩ፣ ምንም ሳይከፈት፣ ሁለት ጊዜ መታ መታ ተደረገ።