ከደጃችን ይራቅ

ኢንስፔክተር ኤሌኒ የሆስፒታሉ አስከሬን ክፍል በር ላይ ገና ከመድረሷ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ሮጣ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«መጣሽ? ከእንፍራንዝ በዚህ ጭጋግ እንዴት ደረስሽ?» ሴትዮዋ ትከሻዋ ላይ ተንሰቀሰቀች። «አጎቴን እኮ ገደሉት! ደጁ ላይ ደፍተውት ሄዱ!»

ኤሌኒ ለብርዱ ብላ ጥቁር ነጠላ ደርባ ነበር። የማታውቀው ሰው እንዲህ ሲያቅፋት ምን እንደሚባል ስላልመጣላት የሴትዮዋን ጀርባ መታ መታ አደረገች።

«ሳልታረቀው!» ሴትዮዋ ቀጠለች። «ባለፈው እቤቱ ድረስ ሄጄ ምን እንዳልኩት ሰምተሻል? ‹አንተ በደጃፌ አይሠራም በምትለው መብራት እጦት ሕፃናት እጃችን ላይ እየቀሩ ነው› አልኩት። አጎቴን! ያሳደገኝን ሰው!»

«እህቴ፣ ይቅርታ... ዘመድ አይደለሁም። የመጣሁት ከአራዳ ፖሊስ ነው።»

ሴትዮዋ ወደኋላ አለችና ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ምነው ታዲያ ዝም ብለሽ ታቀፍሽ?»

«የሚያለቅሱበት ሰው የፈለጉ መሰለኝ።»

ሴትዮዋ ዝናሽ ትባላለች፤ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ናት። ሟቹ አያ አስናቀው ደግሞ ከአባቷ ሞት በኋላ ያሳደጓት አጎቷ ነበሩ። አዘዞ ውስጥ በናፍጣ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሊተከል ነው ከተባለ ጊዜ ጀምሮ የሰፈሩ ሰው «ከደጃችን ይራቅ» እያለ የተሰለፈው ከእሳቸው ኋላ ነበር።

«ከዚያ በኋላ ተገናኝታችሁ ነበር?»

«አየሁት እንጂ አልተነጋገርንም። መብራት ጠፍቶ፣ ጀነሬተሩም እምቢ ብሎ፣ ለሕፃናቱ በእጃችን አየር ስንሰጥ በመስኮት ቆሞ ሲያይ ነበር። ቀና ስል ሄዷል።» ዝናሽ ዓይኗን ጠረገች። «ነይ፣ ግቢና እይው። የተመታው እዚህ ነው። መሃል አናቱን።»

አያ አስናቀው ረጅም ሰው ነበሩ። ኤሌኒ ቁስሉን ካየች በኋላ ሱሪያቸውን፣ ቀጥሎም እጃቸውን ተመለከተች። ጉልበታቸው ላይ ምንም የለም። መዳፋቸውና ጣቶቻቸው ግን በደረቀ ጭቃ ተለብጠዋል።

«ቁመቱ እንዲህ የሆነ ሰው ቆሞ እያለ አናቱን አይመታም» አለች ዝናሽ ቀስ ብላ። «ጎንበስ ብሎ ነበር።»

ኤሌኒ አዘዞ ስትደርስ ጭጋጉ የቤቶቹን ጣሪያ አልለቀቀም። ከአያ አስናቀው ቤት ፊት ለፊት የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል፤ ወጣቶች ግን ድንኳኑ ውስጥ አልተቀመጡም። መንገዱ ላይ ቆመው ከታች ያለውን የግንባታ አጥር በዝምታ ያያሉ። አጥሩ ውስጥ ያሉት የቀን ሠራተኞች መውጫ መንገዳቸው ይኸው ብቻ ነው።

አላምረው የተባለው የወጣቶቹ መሪ ወደ ኤሌኒ ተጠጋ። «ምርመራሽን አርዝሚው፣ አንከለክልሽም። እኛ ቀብሩ እንዳለቀ ወደዚያ ነን።»

«ወደዚያ ሄዳችሁ ምን ልታደርጉ?»

«ክብሪት አልቸገረንም።»

ቄስ ወልደ ዮሐንስ መስቀላቸውን እንደያዙ ከድንኳኑ ወጡ። የሰፈሩ የንስሐ አባት ናቸው። «ልጄ፣ እኔ እስከ ቀብሩ ድረስ እይዛቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን የሚሰሙኝ አይመስለኝም። የገደለውን ሰው ካላሳየሻቸው ዛሬ ሌላ ሬሳ እንቀብራለን።»

ሳጅን ታከለ የውጪው በር ላይ ይጠብቃት ነበር። ሬሳውን የበሩ መደብ ላይ እንደተደፋ ጎሕ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰዎች ነው ያገኙት።

«ባለቤታቸው እታገኘሁ ለተዝካር እንፍራንዝ ሄዳ ነበር» አለ። «ብቻቸውን ነበሩ። ዛቻ ስለበዛባቸው በሩን ለማንም አይከፍቱም አሉ። ለጎረቤትም ቢሆን በቀዳዳ ነበር የሚያነጋግሩት። ከወጡም ዱላቸውን ይዘው ነው።»

«ዱላው የታለ?»

«ከውስጥ፣ ከግድግዳው ጋር ተደግፏል።»

ኤሌኒ ዱላውን አየችና ወደ ውጪ ተመለሰች። ማታ ዘንቧል፤ ነገር ግን ከበሩ በላይ የተመታው ቆርቆሮ ከሥሩ ያለው ጭቃ በዝናቡ እንዳይታጠብ ጠብቆታል። ጭቃው ላይ ሁለት ክብ ጉድጓዶች ጎን ለጎን ይታያሉ።

«የእሳቸው ጉልበት ነው። ሲወድቁ» አለ ታከለ።

«የእሳቸው ሱሪ ንጹሕ ነው።»

ድንጋዩ ከበሩ መደብ አጠገብ ወድቋል። ለሁለት እጅ የሚከብድ፣ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነው። አንዱ ፊቱ ብዙ ዘመን ዝናብና ፀሐይ ባበቀለበት ነጭ የድንጋይ ሽበት ተሸፍኗል፤ ሌላው ፊቱ ላይ ደረቅ አፈር እንጂ ሽበት የለም። ኤሌኒ ግቢውን ዞራ አየች። አጥሩ ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ በአካባቢው አልነበረም።

«ገዳይ ከሩቅ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል?» አለ ታከለ። «ሽመል እያለ?»

ኤሌኒ ድንጋዩን ገልብጣ ደግማ አየችው። ፊቷም ተለወጠ።

የግንባታው ኃላፊ ኢንጂነር አንዳርጋቸው ቢሮው ውስጥ ቆሞ አገኙት። ልብሱ ሳይቀየር አድሯል። ቀደም ባለ ስብሰባ ላይ አያ አስናቀውን «መሃይም ሽማግሌ» ብሎ ሕዝብ ፊት እንደሰደባቸው ሁሉም ያውቃል።

«ሰድቤያለሁ» አለ ሳይጠየቅ። «አባቴ ቢሰማ ከቤቱ ያስወጣኝ ነበር። ግን አልገደልኩም። የምነግርሽን ማንም አያምነኝም።»

«ይሞክሩኝ።»

«ትናንት ቀን ስልክ ደወሉልኝ። ‹ማመንጫው አይቅር፣ ሆስፒታሉን በዓይኔ አይቻለሁ› አሉኝ። ‹ከመኖሪያ ቤትና ከቤተ ክርስቲያኑ ግን ይራቅ። ከጅረቱ ማዶ ያለው መሬት ይሻላል። ነገ ስብሰባው ላይ ራሴ እናገራለሁ፤ እስከዚያ አፍህን ያዝ።› ያዝኩ። ጠዋት ሞተዋል አሉኝ።»

«ከጅረቱ ማዶ ያለው መሬት የማን ነው?»

«ብዙው ግጦሽ ነው። የሚታረስ መሬትና ቤት ያለው አንድ ሰው ነው። የሻው።»

ከጅረቱ ማዶ ያለው ቤት በድንጋይ ካብ የታጠረ ነው። ካቡ ዕድሜ ጠግቦ ከላይ እስከ ታች ሸብቷል። በአንድ በኩል ጫፉ ጎደል ብሎ በእሾህ ተደፍኗል።

የሻው የአያ አስናቀው የልጅነት ባልንጀራ ነው። አብረው አርሰዋል፤ ማመንጫውንም አብረው ተቃውመዋል። ደጁ ላይ ቆሞ ተቀበላቸው።

«መርማሪዋ አንች ነሽ? ልጅ ነሽ እኮ! ሸጋ፣ ግቡ። ቤቱ ግን ጭር ብሏል፤ ሁሉም ለቅሶ ነው።»

«እርስዎስ ምነው ለቅሶ አልወረዱም?»

«እግሬ እምቢ አለኝ።» ወደ ማሳው ዞረ። ጤፉ ገና መብቀሉ ነው። «አያ አስናቀው ወንድሜ ነበር። አባቴ የተቀበረው ከዚህ በላይ ነው። እሱ ነው ጉድጓዱን የቆፈረው።»

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ባለፈው ስብሰባ ላይ ዝም ዝም አለብኝ። ድሮ እንዳልነበረ ሁኖ ለኢንጂነሩ በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ። ተናደድሁ። ‹ለሆድህ ተገዛህ› አልሁት፣ በአደባባይ። ሰው ሁሉ ሰማ።»

«ታረቃችሁ?»

የሻው ዓይኑን ከማሳው አልነቀለም።

«ደጁን አልረገጥሁም» አለ።

ከሰዓት በኋላ ሬሳው ከሆስፒታል መጥቶ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ገባ። ፍትሐቱ አለቀ። ጭጋጉ ወርዶ ዛፎቹን ውጧል። ወጣቶቹ ከሕዝቡ ተነጥለው በሩ አጠገብ ተሰብስበዋል፤ አንዳንዶቹ ጀሪካን ይዘዋል።

በአገሩ ልማድ ከሟች ጋር የተቃቃረ ሰው ግንባሩን ሳጥኑ ላይ አስነክቶ ይቅርታ ሳይጠይቅ ሟቹ አፈር አይለብስም። ዝናሽ ቀድማ ሳጥኑ ላይ ተደፋች። «አጎቴ፣ ይቅር በለኝ! አፌ ነው፣ ልቤ አይደለም!» እንዳለች ሴቶች አነሷት።

ቀጥሎ ኢንጂነር አንዳርጋቸው ወደፊት መጣ። ሕዝቡ አጉረመረመ። «ውጣ! ገድለህ ደግሞ!» አለ አላምረው። ቄስ ወልደ ዮሐንስ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉና መንገድ አስከፈቱለት። ኢንጂነሩ ተንበርክኮ ሳጥኑን ተሳለመ። «አባቴ፣ ሰድቤዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አለ።

ከዚያ ሁሉም ወደ የሻው ዞረ።

«የሻው፣ ምነው ቆምህ?» አለች እታገኘሁ፣ የሟች ሚስት። «ሂድ እንጂ! ቂም ይዞ ይግባ?»

የሻው ራሱን ነቀነቀ እንጂ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ኤሌኒ ወደ ታከለ ጆሮ ተጠጋች። «ድንጋዩን ይዘህ ከጅረቱ ማዶ ሂድ። ካቡ ላይ በእሾህ የተደፈነ ቦታ አለ። ግጠመው። ቶሎ።»

ታከለ እየሮጠ ሲመለስ ሳጥኑ ወደ ጉድጓዱ ሊነሳ ነበር። በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀላት።

«አባ፣ ጥቂት ይቆዩልኝ» አለች ኤሌኒ። ድምፅዋ ዝቅተኛ ስለነበር ሕዝቡ ሊሰማት ዝም አለ። «አቶ አላምረው፣ እናንተም ቅረቡ። ኢንጂነር፣ ዝናሽ፣ አቶ የሻው፣ እዚህ ሁኑልኝ።»

ከበቧት።

«አያ አስናቀው በራቸውን ለማንም አይከፍቱም ነበር። ማታ ግን ከፈቱ። ዱላቸውን ትተው ወጡ። ለምን? የሚፈሩትን ሰው ሳይሆን ዱላ ተይዞ የማይወጣለትን ሰው ስላዩ ነው። በራቸው ላይ የሁለት ጉልበት ምልክት አለ። የእሳቸው ሱሪ ግን ንጹሕ ነው። የተንበረከከው ሌላ ሰው ነው። አጠገባቸው ደግሞ በሰፈሩ የሌለ ድንጋይ ወድቋል። እናንተ የዚህ አገር ሰዎች ናችሁ። ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ የሚንበረከክ ሰው ምን ሊል ነው የሚመጣው?»

«ይቅርታ» አሉ ቄሱ በቀስታ።

«ይቅርታ። ድንጋዩ የመጣው ለመግደል አልነበረም። ተበዳዩ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ያወርዳል፣ የተንበረከከውንም ያነሳዋል። የእሳቸው እጅ ጭቃ የነካው ለዚህ ነው። የተመቱትም ጎንበስ እንዳሉ ነው።»

«ኢንጂነሩ ነዋ!» አለ አላምረው። «የሰደባቸው እሱ አይደል?»

«ሦስት ሰዎች አስቀይመዋቸው ነበር። ሁለቱ አሁን ፊታችሁ ይቅርታ ለመኑ። ኢንጂነሩ በእናንተ መሃል አልፎ መጣ፤ ከዚህ በሕይወት እንደሚወጣ እንኳን አያውቅም። ያልተቀበለውን ይቅርታ ፈልጎ ነው። አንድ ሰው ግን አልለመነም። ጠዋት ‹ታረቃችሁ?› ብዬ ስጠይቀው ‹ደጁን አልረገጥሁም› አለኝ። ደጁን በተመለከተ ዋሸኝ። በእርቁ ላይ መዋሸት ግን አልሆነለትም፤ ‹አልታረቅንም› አላለኝም።» ኤሌኒ ትንፋሽ ወሰደች። «ይህ ለዳኛ ማስረጃ አይሆንም፤ እኔን ግን ወዴት እንደምመለከት አሳየኝ። ሳጅን ታከለ ድንጋዩን ከአቶ የሻው ካብ ላይ ገጠመው። ሽበቱ ከሽበቱ፣ አፈሩ ከአፈሩ ገጠመ።»

አላምረው ዓይኑን ከኢንጂነሩ ነቅሎ ወደ የሻው ዞረ።

«ማመንጫውን አያ አስናቀው ሊያስቀሩት አልነበረም» አለች። «ዛሬ ስብሰባው ላይ ከጅረቱ ማዶ ይሁን ሊሉ ነበር። ለኢንጂነሩ ትናንት ነግረውታል። ለአቶ የሻውም ከእርቁ በኋላ የነገሯቸው ይመስለኛል።»

የሻው ሳጥኑን እንጂ እሷን አላየም።

«ይቅር ብሎኛል» አለ። «ድንጋዩን በገዛ እጁ አውርዶ መደቡ ላይ አስቀመጠው። አነሳኝ፣ ሳመኝ። ‹እንግዲህ በመሃላችን ድብቅ ነገር አይኑር› አለና ነገረኝ። ከደጃችን ይራቅ ብዬ አብሬው ስጮህ ከርሜ ለካ ወደኔ ደጅ ነው! አባቴ የተቀበረበት! ‹ሌላ ቦታ እናርስልሃለን፣ እኔ ራሴ እመጣለሁ› አለኝ።»

«ከዚያስ?» አሉ ቄሱ።

«ከዚያ... ተናድጄ መቆሜን አላየም። ለማንሳትም አልነበር ጎንበስ ያለው፣ አንች ልጅ። ያንን ጨርሶ ነበር። ጉልበቴ በጭቃ ተበላሽቶ አየና በእጁ ሊያራግፍልኝ ጎንበስ አለ። ድንጋዩ አጠገቤ ነበር።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አሁን ምን ብዬ ይቅርታ ልለምነው? ያንን ይቅርታ ሰጥቶኛል። ይኸኛውን ደግሞ ማን ይስጠኝ?»

እታገኘሁ ጮኸች፤ ሴቶቹ ያዟት። አላምረው ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠው።

ሳጅን ታከለ የሻውን በጎን በር አውጥቶ መኪና ውስጥ አስገባው። ሕዝቡ አያ አስናቀውን ቀብሮ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ወደ ግንባታው አጥር የወረደ ሰው አልነበረም፤ ስብሰባውም ለሌላ ሳምንት ተላለፈ።