ይህ ስም ቀድሞ ተመዝግቧል

«የለችም ማለት ምን ማለት ነው? ይቺው እኮ አጠገቤ ቆማለች!»

የሴትየዋ ድምፅ ከውጭው በር አልፎ ኮምፒውተር ክፍሉ ድረስ ተሰማ። እየሩሳሌም ብድግ ብላ በመስኮት አየች። ጥቁር አባያ የለበሰች ሴት ዘጠኝ ዓመት የሚሆናትን ልጅ እጅ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ልጅቷ አዲስ ቦርሳ አዝላለች፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ ገና አልተነሳለትም።

ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር ያለው ይህ ቪላ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ትምህርት ቤት ይሆናል። የኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ወረቀታቸው ስላልተስተካከለ መደበኛ ትምህርት ቤት መግባት ያልቻሉ የሐበሻ ልጆች ማንበብና ሒሳብ ይማሩበታል። ቦታው አርባ ብቻ ነው። ዘንድሮ ከመካም ልጆች ይቀበላሉ ስለተባለ፣ እዚያ መንሱር ሰፈር ውስጥ በሌላ ደብተር ምዝገባ ተደርጎ ነበር። ሁለቱን ደብተሮች አንድ ላይ ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት እየሩሳሌምና ጓደኛዋ ፈሪዳ ናቸው። ሁለቱም አሥረኛ ክፍል ናቸው። ስሞቹ የሚቀመጡበትን ዳታቤዝ የሠራችው እየሩሳሌም ስትሆን፣ ስሞቹን አንድ በአንድ የጻፈችው ፈሪዳ ናት።

እየሩሳሌም በሩ ጋ ስትደርስ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ እትዬ እታፈራሁ የታተመውን ዝርዝር እያገላበጡ ነበር።

«ዘምዘም ጀውሀር የምትባል አለች፤ ግን ገብታ ተቀምጣለች። ልጅቷ የዚሁ የጃሚዓ ናት» አሉ።

«ያቺ ሌላ ናት! የኔዋም ዘምዘም ጀውሀር ነው ስሟ። መንሱር ላይ በእጄ ነው ያስመዘገብኳት፣ ወላሂ!»

እትዬ እታፈራሁ አጠገባቸው ወደቆመችው ፈሪዳ ዞሩ። «ከመንሱሩ ደብተር ላይ ነበረች እንዴ?»

 ፈሪዳ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «አይ፣ አልነበረችም» አለች።

«ታዲያ እኔ ውሸታም ነኝ?» የሴትየዋ ድምፅ ተሰነጠቀ። «ማዳሜን ለምኜ፣ ከመካ ድረስ ታክሲ ተጋፍቼ የመጣሁት ለመዋሸት ነው?»

እየሩሳሌም ደሟ ፈላ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የደከመችበትን ሥራ ሰው ሁሉ ፊት ሲያጣጥሉባት ዝም ማለት አልቻለችም።

«እትዬ፣ ዝርዝሩን ያወጣው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ደግሞ አይሳሳትም» አለቻት ሴትየዋን።

ሴትየዋ አየቻት።  የልጇን እጅ ጎትታ ሄደች። ትንሿ ልጅ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ዞር ዞር እያለች ቪላውን ታይ ነበር።

እየሩሳሌም ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ተመልሳ መሳቢያውን በኃይል ከፈተችው። የመንሱሩን ደብተር አውጥታ ለእትዬ እታፈራሁ ልታሳያቸው ነበር ያሰበችው፤ ነገሩ በዚያው እንዲዘጋ። ገጹን ገለጠች። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከላይ አምስተኛው መስመር፣ «ዘምዘም ጀውሀር፣ ዕድሜ 9፣ እናት ሰሚራ» ይላል። ከጎኑ ስልክ ቁጥር አለ።

«ፈሪዳ!»

ፈሪዳ በሩ ላይ ቆመች። ደብተሩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«አልነበረችም አላልሽም? ይሄ ምንድነው? ሰውን በአደባባይ ውሸታም አስባልሽ እኮ! ልጅቷ ወደ ኋላ እየዞረች ስትሄድ አላየሽም?»

«አትጩሂብኝ።»

«እጮሃለሁ! ስም መገልበጥ ነበር ሥራሽ። ያኒ፣ ማለቴ መገልበጥ ብቻ! እሱንም አቃተሽ፣ ከዚያ ደግሞ ዋሸሽ!»

ፈሪዳ ስልኳን አወጣች። መልእክቶቹን ወደ ላይ ወደ ላይ ገፋ ገፋ አደረገችና የእየሩሳሌም አፍንጫ ሥር አስጠጋችው። ከሁለት ሳምንት በፊት የተጻጻፉት መልእክት ነው። መጀመሪያ ፈሪዳ የላከችው የስክሪን ፎቶ አለ፤ በቀይ «ይህ ስም ቀድሞ ተመዝግቧል» ይላል። ከሥሩ «እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ?» ብላ ጽፋለች።

ቀጥሎ ያለው የእየሩሳሌም መልስ ነው። «ተደግሞ ነው። ዝለዪውና ያላ፣ ጨርሺ!»

እየሩሳሌም ሁለት ጊዜ አነበበችው። ያን ቀን ለፊዚክስ ፈተና ስታጠና ነበር። ፎቶውን ከፍታ እንኳ አላየችውም።

«አዎ፣ ዋሽቻለሁ» አለች ፈሪዳ። እንባዋ መጣ። «እውነቱን ብናገር እትዬ እታፈራሁ አንቺን ሊጠይቁሽ ነው። ከዚያ አንቺ ደግሞ ወጥተሽ ‘ኮምፒውተር አይሳሳትም’ ትያለሽ! አሁን እኔ ላይ ነው የምትጮሂው?»

እየሩሳሌም ላፕቶፑን ከፈተች። የልጆቹ ሰንጠረዥ ስክሪኑ ላይ መጣ፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር ነው። እያንዳንዱን መስመር ከሌላው የሚለይ ቁልፍ ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ አንዱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ አይቀበልም። ይህን በደንብ ታውቀዋለች፤ በተማረችበት የኢንተርኔት ኮርስ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነበር። ስም ቁልፍ እንደማይሆንም እዚያው ተነግሯታል፣ ምክንያቱም ሁለት ሰዎች አንድ ስም ሊኖራቸው ይችላል። እሷ ግን «ለአርባ ልጅ ምን ቁጥር ያስፈልጋል?» ብላ የልጁንና የአባቱን ስም ቁልፍ አድርጋው አለፈች። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ነው የሠራው። ሁለተኛዋን ዘምዘም በር ላይ ያስቀራት እሱ አልነበረም።

ላፕቶፑን ሰብራ ብትጥለው ደስ ባላት። ፈሪዳ ላይ የነበራት ንዴት የትም አልሄደም፤ አሁን ግን የሚያርፍበት ቦታ ሌላ ሆነ።

«ነይ፣ እትዬ እታፈራሁ ጋ እንሂድ» አለች።

«ምን ልንል?»

«ይሄን ልናሳያቸው።»

እትዬ እታፈራሁ ደብተሩንም ስልኩንም አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ስሙኝ ልጆች፣ አሁን አርባው ሞልቷል። በእሷ ቦታ ሌላ ልጅ ገብቷል። እሱን አላስወጣም። ሴትየዋ ለሚቀጥለው ዓመት ትመዝገብ፤ ዛሬ የሆነውን ደግሞ እዚሁ እንተወው። ተሳሳትን ብለን ካወራን ማን ያምነናል?»

«እትዬ፣ እሷ እኮ አልተሳሳተችም። ውሸታም ያልናት እኛ ነን» አለች እየሩሳሌም። ድምጿ ከምትፈልገው በላይ ጮኸ። «አንድ ዓመት ቤት ትቀመጥ? እኔ ፈተና ስላለብኝ?»

«እየሩስ፣ ድምፅሽን ቀንሺ።»

«እሺ። ግን አርባ አንድ ብናደርገው ቪላው ይፈርሳል?»

እትዬ እታፈራሁ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። በግድግዳው በኩል ልጆች ፊደል በአንድ ድምፅ ሲያነቡ ይሰማል።

«አርባ አንድ ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ግን ሴትየዋ እንደዚያ ተዋርዳ ከሄደች በኋላ ምን ብዬ እንደምደውልላት አላውቅም።»

«እርስዎ አይደውሉ። እኔ እደውላለሁ።»

ክፍላቸው ተመልሰው በሩን ዘጉ። እየሩሳሌም ክርስቲያን ስለሆነች መካ አትገባም፤ መንሱር ድረስ ሄዳ ፊት ለፊት ይቅርታ መጠየቅ አትችልም። ደብተሩ ላይ ያለውን ቁጥር ደወለች። 

«አሎ?» አለች ሴትየዋ።

«እትዬ ሰሚራ፣ እየሩሳሌም እባላለሁ። ጠዋት በሩ ላይ... ኮምፒውተር አይሳሳትም ያልኩዎት ልጅ ነኝ።»

ከወዲያ የመኪና ድምፅ ይሰማል፤ ገና መንገድ ላይ ናቸው።

«የዘምዘም ስም ደብተሩ ላይ አለ። የዘለልኳት እኔ ነኝ። ፕሮግራሙን ስሠራው ሁለት ዘምዘም ይኖራሉ ብዬ አላሰብኩም። ጓደኛዬ ጠይቃኝም ነበር። ሳላይ ዝለዪያት አልኳት። ጥፋቱ የኔ ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ትምጣ፣ ቦታ አላት።»

«አሁን ነው የምትነግሪኝ?» የሰሚራ ድምፅ ቀስ ብሎ ጀመረና ከፍ አለ። «ልጄ መንገዱን ሙሉ ምን ስትል እንደመጣች ታውቂያለሽ? ‘እማ፣ ዋሽተሻል እንዴ?’ ነው የምትለኝ! እኔን! ቦርሳውን ወርውራዋለች። አልመለስም ብላለች። እናንተ የተማራችሁ ልጆች፣ አላህን አትፈሩም?»

ብዙ ተናገረች። እየሩሳሌም ስልኩን ከጆሮዋ አላራቀችም። አላቋረጠቻትም። ሴትየዋ ሲደክማት «ለልጅቷ አንቺው ንገሪያት» ብላ ስልኩን ለዘምዘም ሰጠቻት። እየሩሳሌም ያንኑ እንደገና፣ በአጭሩ፣ «እናትሽ አልዋሸችም» ከሚለው ጀምራ ነገረቻት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

«ይመጣሉ?» አለች ፈሪዳ።

«አላውቅም።»

እየሩሳሌም ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ቁጥር የሚቀመጥበት አዲስ ዓምድ ጨመረች፤ ቁልፉን ከስሙ አንስታ ቁጥሩ ላይ አደረገች። ለሁለተኛዋ ዘምዘም ጀውሀር አርባ አንድ ቁጥርን ሰጠቻት። ፕሮግራሙ ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበላት።

ድንገት እጇ ቆመ።

«ፈሪዳ፣ ያ ቀይ ጽሑፍ ስንት ጊዜ መጣብሽ?»



«ሦስቴ» አለች ፈሪዳ። «ከመጀመሪያው በኋላ አልጠየቅኩሽም። አንዴ ዝለዪው ብለሽኛል ብዬ...»

ሁለቱም ደብተሩን አዩት፤ ከዘምዘም ሌላ ሁለት ስሞች ተዘለዋል ማለት ነው። ውጭ ሚኒባሱ ልጆቹን ለመውሰድ መጥቶ ጡሩምባ ነፋ። ፈሪዳ ወንበር ስባ ከጎኗ ተቀመጠች። እየሩሳሌም ወደ ደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ተመለሰች፤ ጣቷን በመጀመሪያው ስም ላይ አድርጋ «አንቺ ከስክሪኑ አንብቢልኝ» አለች።