የእርጋታ ሰሌዳ

ሐመልማል በየማለዳው ሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው የሦስት መቶ ልጆችን ፍርሃት ከፍቶ ማየት ነበር። ፍርሃቶቹ በጠረጴዛዋ መስታወት ላይ እንደ ቀጫጭን ክር ተደርድረው ይወጣሉ፤ የተረጋጋው አረንጓዴ፣ የተረበሸው ቀይ ነው። ቀዩ ላይ ጣቷን ታሳርፋለች፣ መጠኑን ታስተካክላለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። አንድ ልጅ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅባትም።

ክሮቹን የሚልከው አብራጅ ነው። አብራጅ ከልጁ ጆሮ ጀርባ የሚለጠፍ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ስስ መሣሪያ ነው። የአንጎልን ምልክት ያነባል፤ ጭንቀት ሲያይል በለስላሳ ሞገድ ያበርዳል። በዚያ ዘመን አርባ ምንጭ ውስጥ ከአምስት ልጅ አንዱ አብራጅ ነበረው፤ እንደ መነጽር ማንም ዞሮ አያየውም። ሐመልማል ራሷ በልጅነቷ ተለጥፎላታል። በስምንት ዓመቷ ልቧ ሳይታሰብ እየደለቀ ትንፋሽ ያጥራት ነበር፤ ቤተሰቦቿ ብዙ ካንከራተቷት በኋላ እንደ ልጅ መሮጥና መጫወት የጀመረችው በአብራጅ ነው። ስለዚህ በሥራዋ ታምናለች።

አንድ ማክሰኞ የዘጠኝ ዓመቷ ኤፍራታ አብራጅ ተቃጠለ።

እናቷ ዘሪቱ በአባያ ሐይቅ ላይ ከሚያልፈው የሽቦ ሰረገላ ወርዳ፣ ልጇን በእጇ እየጎተተች ሐመልማል ወደምትሠራበት የሕፃናት አእምሮ ሕክምና ማዕከል ገባች። የልጅቷን ፀጉር ገልጣ አሳየች። ከጆሮዋ ጀርባ ያለው ቆዳ ተልጦ ቀልቷል።

«እዩት!» አለች። «እዚህ ያመጣኋት እንድትናገር ነው እንጂ እንድትጠበስ አይደለም። ቤት ውስጥ ምላሷ አያርፍም፤ ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ይኸው ዓመቷ፣ አንድ ቃል አልወጣትም። በሽታ ነው አላችሁኝ፣ አመንኩ። ይድናል አላችሁኝ፣ አመንኩ። አሁን ይሄ ምንድን ነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ሐመልማል። «አይቼ እነግርዎታለሁ።»

ቁስሉን ቅባት ቀባችላት። ኤፍራታ አንዴም አላቃሰተችም። ዓይኗን ከሐመልማል ፊት ሳትነቅል ቆመች።

እናትና ልጅ እንደሄዱ ሐመልማል የተቃጠለውን አብራጅ ከፍታ ማኅደሩን አነበበች። የፋብሪካ ችግር ይሆናል ብላ ነበር። አልነበረም። መሣሪያው በየትምህርት ቀኑ፣ ልክ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የመጨረሻውን ኃይሉን ያወጣል፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ሳያቋርጥ ይሠራል። ይህን እያደረገ ወራት ስለቆየ ነው የነደደው። ሐመልማል በማለዳ የምታያቸው ክሮች ፍርሃቱ ከበረደ በኋላ የሚቀረውን ብቻ ስለሚያሳዩ፣ የኤፍራታ ክር ሁልጊዜ አረንጓዴ ወይም ትንሽ ቀላ ያለ ነበር።

ሌሎቹንም ፈተሸች። በዚያው ሰዓት አብራጃቸው በመጨረሻው ኃይሉ የሚሠራ አሥር ልጆች አገኘች። አንዱ ትኩረት ማጣት፣ አንዷ ጭንቀት፣ አንዱ ጠረጴዛ እየገለበጠ ስለሚያስቸግር የቁጣ ሕመም አለባቸው ተብሏል። መዝገባቸው ለየብቻ፣ ሕክምናቸው ለየብቻ ነው። ከኤፍራታ ጋር አሥራ አንዱም ግን የአንድ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት ሐመልማል ትምህርት ቤቱ ሄደች። መምህር ደምሰው በደስታ ተቀበላትና ከኋላ ወንበር ሰጣት። ኤፍራታ ያለ አብራጅ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። ልክ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን የፊተኛው ግድግዳ በራ። የአብራጅ ልጆች ስም በሙሉ፣ ከጎኑ የእርጋታ ቁጥራቸው፣ ከቁጥሩ ጎን ቀለማቸው ወጣ።

«ቀይ የሆናችሁ ወደ ፊት» አለ መምህሩ በለዘበ ድምፅ።

ስድስት ልጆች ተነስተው ፊታቸውን ወደ ክፍሉ አዙረው ቆሙ። ሌሎቹ ልጆች እጃቸውን አጣጥፈው ያዩአቸዋል። ሁሉም አረንጓዴ እስኪሆን ትምህርት አይጀመርም። ጫፍ ላይ የቆመው ልጅ ቁጥሩ ከፍ አልል ሲል ሱሪው ቀስ እያለ ረጠበ። ወዲያው አብራጁ አሸነፈውና ስሙ አረንጓዴ ሆነ። ክፍሉ አጨበጨበለት። ሱሪውን ያየለት አልነበረም።

«እንዴት ጸጥ እንዳሉ ያያሉ?» አላት መምህሩ ዞር ብሎ። «የእርጋታ ሰሌዳ ይባላል። ማዕከላችሁ ነው የሰጠን፤ ተባረኩ።»

ሐመልማል ተነስታ ሰሌዳውን አጠፋችው።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«አያብሩት!» አለች። «ዳግመኛ እንዳያበሩት!»

እግሯ ምድር የረገጠ አልመሰላትም፤ ማዕከሉ ስትደርስ ዶክተር ይልቃል ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች። ዶክተሩ የማዕከሉ ኃላፊ ነው፤ ሃያ ዓመት ሕፃናት ሲያክም የኖረ፣ ፊቱ ላይ ድካም የማይጠፋ ሰው ነው። ጥቂት ቆይቶ ዘሪቱ ልጇን ከክፍል አስወጥታ አዲስ አብራጅ ልታስለጥፍላት ይዛት መጣችና ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። በሩ ክፍት ነበር።

«ልጆቹን የሚያሳምማቸው የእኛው ሰሌዳ ነው!» አለች ሐመልማል። «ፍርሃታቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ ስለፈሩ አቁመናቸው፣ ከዚያ ደግሞ ፈሩ ብለን እናክማቸዋለን!»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም! የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሱሪው ላይ ሲሸና አጨበጨቡለት! ቁጥሩ ስላማረ!»

ዶክተር ይልቃል መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ሰሌዳውን የፈቀድኩት እኔ ነኝ። እርጋታን አብረው ይለማመዳሉ ብዬ ነው። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ያን ያህል ኃይል ሲያወጣ መሣሪያው እንዴት ሳይነግረን ቀረ?»

«ስለተበላሸ ነዋ!»

«እስቲ እንየው።»

የኤፍራታን ሙሉ መዝገብ ከፈተ። መሣሪያው አልተበላሸም። ኃይሉ ከልክ ባለፈ ቁጥር፣ በማግስቱ ማለዳ ከክሩ ሥር በትንሽ ጽሑፍ ጠይቋል፦ «የፍርሃቱ መንስኤ አልታወቀም። ልጅቷን ያነጋገራት ሰው አለ?» ከጥያቄው ጎን «አዎ» የሚል መልስ ነበር። መጠኑን አስተካክሎ ለማለፍ «አዎ»ን መንካት ግድ ነው። ጥያቄው ስድሳ ሦስት ጊዜ ተጠይቋል። ስድሳ ሦስቱም ላይ የተፈረመው የሐመልማል ስም ነው። በየወሩ ደግሞ ዶክተሩ ከላይ አጽድቋል፤ ከግርጌ ዘሪቱ በቤቷ ስልክ ተስማምታለች።

ማሽኑ ስድሳ ሦስት ጊዜ «ልጅቷን ጠይቋት» ብሏል። ሰዎቹ ስድሳ ሦስት ጊዜ ዋሽተውታል፤ መዋሸታቸውንም አላወቁም።

ሐመልማል ንዴቷ የሚሄድበት አጣ። ዶክተሩ ላይ ልትጥለው መጥታ ነበር፤ አሁን ወደ ራሷ ተመለሰ።

«ዛሬውኑ ሰሌዳው ይነሳ» አለች በመጨረሻ።

«የስንት ትምህርት ቤት ውል እንዳለበት ታውቂያለሽ? ቦርዱ ይወስን፤ ጥቂት ወር ታገሺ።»

«ይሄን መዝገብ ይዤ አሥራ አንዱም ቤት እሄዳለሁ። መጀመሪያ የራሴን ፊርማ አሳያቸዋለሁ፣ ቀጥሎ የእርስዎን።»

ሄደችም። አንዳንዱ ቤት አለቀሱ፣ አንዱ ቤት አባትየው በሩን ፊቷ ላይ ዘጋው፤ ማታውኑ ደውሎ ግን ልጁ ምን ምን እንደነገረው አወራት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወላጆቹ ተሰብስበው ትምህርት ቤቱ ግቢ ገቡና ሰሌዳው ካልተነሳ ልጆቻችንን አናስገባም አሉ። ተነሳ።

በወራት ውስጥ ሰባቱ ልጆች አብራጅ አያስፈልጋቸውም ተባለ። ሦስቱ ግን በእርግጥም ታመው ነበር፤ አንደኛው እጁን ቆዳው እስኪሰነጠቅ ሳይታጠብ መውጣት የማይችል ልጅ ነው። አብራጁ በትንሽ መጠን እንዲቆይላቸው ተደረገ፤ በየሳምንቱ ግን አንድ ሰው አብሯቸው ተቀምጦ ያዋራቸዋል። ሐመልማል ከጠረጴዛዋ ተነስታ ያንን ሥራ ጠይቃ ወሰደች። በሦስት መቶ ክር ፋንታ፣ ከሌሎች ክፍሎች የመጡትን ጨምሮ የሚደርሳት ዘጠኝ ልጅ ብቻ ሆነ።

አሥራ አንደኛዋ ኤፍራታ ነበረች፤ አዲስ አብራጅ አልተለጠፈላትም። ሰሌዳው ከተነሳም በኋላ ትምህርት ቤት ውስጥ አልተናገረችም። ሐመልማል በየሐሙሱ ልጆች ከወጡ በኋላ ባዶው ክፍል ውስጥ አጠገቧ ትቀመጣለች። ተናገሪ አትላትም። አብረው ይሥላሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ሰዓታቸው ሲደርስ ደህና ዋይ ትላታለች። ዘጠኝ ሐሙስ እንዲሁ አለፈ።

በአሥረኛው ኤፍራታ እርሳሷን አስቀመጠች።

«ዶክተሩ ላይ ስትጮሂ ሰምቻለሁ» አለች። ድምፅዋ እንደ ማንኛውም ልጅ ነበር።

ሐመልማል እንዳትደነግጥባት ቀስ ብላ ተነፈሰች። «አዎ። በጣም ተናድጄ ነበር።»

«ታዲያ ምን አደረጉሽ?»

«እነማን?»

«ስትናደጂ። የት ላይ ለጠፉልሽ?»

«የትም አልለጠፉልኝም።»

«ለምን?»

ሐመልማል መልስ ፈለገች። የመጣላት አንድ መልስ ብቻ ነበር፤ ትልቅ ሰው ስለሆንኩ የሚል። ለመናገር አሳፈራት።

«መጀመሪያ ፈርቼ ነው» አለች ኤፍራታ። «ድምፄ አልወጣ አለኝ። በኋላ ግን ተናደድኩ። ልናገር ስል፣ ልጮህ ስል፣ አብራጁ ያቀዘቅዘው ነበር። እናንተ ሁሉንም ፍርሃት አላችሁት።»

«በማን ላይ ነው የተናደድሽው?»

ኤፍራታ፣ ሐመልማል ትቆጣት እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አየች። ከዚያ ስም መጥራት ጀመረች፤ አንድ በአንድ፣ ጣቷን እያጠፈች። መጀመሪያ የእናቷን ስም ጠራች። ሁለተኛው የሐመልማል ነበር።

ሐመልማል አላቋረጠቻትም።