የገመዱ ሌላኛው ጫፍ

የኔትወርክ ገመዱን ጫፍ በሸሚዜ እጅጌ ጠርጌ እንደገና ሰካሁት። ቀጭ አለ።

የመሰኪያው መብራት ግን አልበራም...

ይህን የምጽፈው በእውነት የሆነ ነገር ስለሆነ ነው። ፈጠራዬ ቢሆን ኖሮ ሌሊት አደርገው ነበር። እሱ ግን የሆነው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ቡራዩ፣ በአከራዬ በእትዬ ወርቅቱ ሳሎን ውስጥ ነው። ፀሐይ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ብየዳ ቤቱ ይጮኻል።

ኮምፒውተሩ የልጃቸው የሊቤ ነው። ሊቤ ክረምቱ ሲገባ በአምቦ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞቷል።

እንጀራው ድምፁ ነበር። ለሱቆች ማስታወቂያ ይቀዳል። ገበያ መሀል "ኑ! ግቡ! ዓይታችሁ ሂዱ!" እያለ በድምፅ ማጉያ የሚጮኸው እሱ ነው። ከሞተ በኋላ እናቱ አንድ ጫማ ቤት ደጃፍ እየሄዱ፣ ምንም ሳይገዙ፣ ቆመው ይሰሙት ነበር።

ባለፈው ወር ባለሱቁ ማስታወቂያውን በሌላ ሰው ድምፅ ቀየረው።

"ድምፁ እየጠፋብኝ ነው ተረፈ" አሉኝ እትዬ ወርቅቱ። "ፊቱ አለ። ድምፁ ግን..."

ሊቤ የቀዳቸው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጠዋል። እህቱ ቲና የይለፍ ቃሉን ታውቃለች። በስልኬ ላሰማዎት ብላቸው እምቢ አሉ።

"ስልክ ሰውን ሁሉ አንድ ዓይነት ያደርገዋል። በራሱ ስፒከር ነው የምሰማው።"

የኮምፒውተሩ ዲስክ ተበላሽቶ ስለነበር ቀየርኩትና አዲስ ዊንዶውስ ጫንኩበት። ሲነሳ የኔትወርክ ካርዱን አላወቀውም። ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ በፍላሽ አምጥቼ ጫንኩለት። አወቀው። አሁንም ግን ገመዱ አልተሰካም ይለኛል።

በእኔ በኩል ተሰክቷል። ችግሩ ያለው በሌላኛው ጫፍ ነው።

ሌላኛው ጫፍ፣ ራውተሩ ያለበት፣ የሊቤ ክፍል ነው። ገመዱ ሊቤ ራሱ በበሳው ቀዳዳ በኩል ግድግዳውን ያልፋል። የክፍሉ በር በግቢው በኩል ነው። ከቀብሩ ወዲህ አልተከፈተም።

እትዬ ወርቅቱ ብዙ አቅማሙ። ከዚያ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ለቲና ሰጧት።

"ገመዱን ብቻ። አልጋው ላይ እንዳትቀመጪ።"

ቲና ወጣች። ጥቂት ቆይቼ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አልኩ።

"ቲና... ገባሽ?"

ዝም።

"ቲና?"

"እ..." አለ ሹክሹክታ፣ ከግድግዳው ወዲያ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር ከብዷት ይሆናል ብዬ እኔም ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

"ገመዱን ንቀዪና መልሰሽ ስኪው።"

ቀጭ። መብራቱ በራ... ጠፋ።

"አልያዘም።"

"ሦስተኛው ቀዳዳ አይሠራም" አለ ሹክሹክታው። "ቆይ... አራተኛው ላይ ላድርገው።"

ቲና ስለ ራውተሩ ይህን ያህል ማወቋ ገረመኝ።

ቀጭ።

አረንጓዴው መብራት በራ። ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

"ገባ!"

ከዚያ ይበልጥ ዝቅ ብሎ...

"አዮ አለች?"

ልጆቻቸው እትዬ ወርቅቱን አዮ ነው የሚሏቸው።

"አሉ። እዚህ ከኋላዬ ናቸው።"

"አንዴ... ታናግረኝ።"

እትዬ ወርቅቱ ዓይናቸውን ከስፒከሮቹ ሳይነቅሉ ተቆጡ።

"ምን ሆናለች ይቺ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠብቄ አሁን የእሷን ወሬ ልስማ? ጨርሳ ትውጣ በላት!"

"ጨርሰሽ ውጪ ብለዋል" አልኩ በቀዳዳው።

"እሺ።"

የተቆጡት ልጅ የሚላት ዓይነት እሺ ነበረች።

ቲና ጽፋ የሰጠችኝን የይለፍ ቃል አስገባሁ። ገጹ ተከፈተ። የሊቤ ቅጂዎች ከላይ እስከ ታች ተደረደሩ።

"እትዬ፣ ልክፈተው?"

ያኔ የግቢው የውጭ በር ተንቋቋ። ቲና እያለከለከች ገባች። ጣቶቿ በዘይት ርሰዋል።

"አስጠበቅኩህ አይደል ተሬ? የበሩ መቆለፊያ ዝጎ አልዞር ቢለኝ ብየዳ ቤት ጌዲ ጋ ዘይት ልለምን ሄጄ ነው። እሱ ደግሞ ወሬ ከጀመረ መች ይለቃል! አሁን እከፍተዋለሁ።"

ሁለታችንም ወደ ግድግዳው ዞርን።

"ምነው... ምን ሆናችሁ?"

እትዬ ወርቅቱ ተነሡ። ወደ ግድግዳው ሄደው ተንበረከኩ።

"እሱ ነበር?" አሉኝ።

"አላውቅም እትዬ። ሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ ሰው አይለይም።"

"እናቱ ነኝ እኮ። እኔ መለየት ነበረብኝ።"

አፋቸውን ቀዳዳው ላይ አደረጉ።

"ሊቤ... ኮቱ፣ ኢልማ ኮ... ና ልጄ። አለሁ። ተናገር።"

ዝም።

"ጮክ በል እንጂ! ለገበያው ሁሉ ስትጮህ አልነበር?"

አረንጓዴው መብራት ጠፋ።

ገመዱ ተወጠረ... ከዚያ በቀዳዳው ወደ ውስጥ መሳብ ጀመረ። ቀስ ብሎ። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ ተንሸራተተ። ደንግጬ ገመዱን ነቀልኩት። ጫፉ ወለሉ ላይ እየተጎተተ ሲሄድ እትዬ ወርቅቱ ያዙት። መዳፋቸው ላይ ጠቀለሉት።

"ቅጂውን... በስልኬም ቢሆን ላሰማዎት?"

"የተቀዳውን ምን አደርገዋለሁ?" አሉኝ። ፊታቸውን አላዞሩም። "ዝጋው።"

ቲና ቁልፉን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ክፈቺ ያላት የለም።

ገመዱ በእናቲቱ እጅ ውስጥ አንዴ ይወጠራል... አንዴ ይላላል።

ኮምፒውተሩን በሥርዓቱ ዘጋሁ። የስፒከሮቹን ሽቦ ጠቅልዬ ከጎኑ አስቀመጥኩ፤ የአቧራ መሸፈኛ ጨርቁንም አለበስኩት።